ወንበር ፍለጋ ለምትመጡት

ይድረስ በአዲስ አበባ ዳር ዳር ለምትኖሩ ወጣቶች፤

ከኮዬ ፈጬም ሆነ ከየካ አባዶ ተነሥታችሁ ቤተ መጻሕፍት የምትሄዱት፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ አብዛኞቻችሁ ወንበር ፍለጋ ነው። ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቴሌቪዥኑ፣ ሕፃኑና ምድጃው አንድ ክፍል ሲጋሩ ማን ያጠናል? አያስነቅፍም። የሚቆጨኝ የ12ኛ ክፍል ወይም የመውጫ ፈተና ባለፈ ማግስት መደርደሪያውንም ከወንበሩ ጋር መተዋችሁ ነው።

ለፈተናው ጊዜ ሁለት ነገር ልበል። መታወቂያ ያዙ፤ የራሳችሁን መጽሐፍ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አራት ኪሎ ድረስ ሄዶ ከበር መመለስ ያበሳጫል። ደግሞ ወንበር የሚጠፋው ሰው ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ደብተር አስቀምጦ ሻይ የሚወጣው ስለበዛም ነው።

ከዚያ በኋላ የምትመጡበት ጉዳይ ይለወጣል። ዶሮ ልጀምር ያለ ሰው፣ ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍን በርእሱ ቁጥር በሚደረድረው በዴዊ አመዳደብ የሚሠራ ከሆነ፣ 636.5 ላይ ይፈልግ። ብዙ ሰው የሚስተው ከነጥቡ በኋላ ነው፤ 636.12 ከ636.5 በፊት ይቀመጣል፤ ምክንያቱም አሃዙ የሚነበበው አንድ በአንድ ነው እንጂ «አሥራ ሁለት» ተብሎ አይደለም።

በእኛ ዳር የሚያስቸኩለው ግን የመሬት ጉዳይ ነው። አባት የልማት ተነሺ ሲሆኑ ቤት ውስጥ ሕግ አንባቢው ልጅ ነው። ስለ ካሳ ሰው የነገራችሁን ይዛችሁ አትሩጡ፤ ነጋሪት ጋዜጣው ራሱ ይውጣላችሁ። ስትጠይቁ «የካሳ ሕግ» ሳይሆን ቁጥሩን ከነዓመቱ ተናገሩ፦ አዋጅ 1161/2011። መጨረሻው አካባቢ ስለተሻሩ ሕጎች የሚለውን አንቀጽ እዩ፤ ዛሬም 455/1997ን ፎቶ ኮፒ አድርጎ የሚዞር አለ፣ የተሻረ ነው። ማሻሻያ ወጥቶ እንደሆነም ጠይቁ። ኦሮሚያ ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ የክልሉን ሕግ በክልሉ የሕግ ጋዜጣ በመገለታ ኦሮሚያ ላይ ፈልጉ። የፌዴራሉ ጋዜጣ በሁለት ዓምድ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው የሚታተመው፤ አማርኛውን ያዙ፤ ልዩነት ቢኖር የሚጸናው እሱ ነው።

ዕድሜ ሲገፋ የድሮ ጋዜጣ ያምራል፤ ጠዋት ጠዋት ሽማግሌዎቹን አይታችኋል። አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ አለ። አንድን ወሬ በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ለማመሳከር ከፈለጋችሁ በእኛ ዓመት ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 ጨምሩ፤ ያለዚያ የተሳሳተ ጥራዝ ታስወጣላችሁ፤ የሚሸከመው ደግሞ ሠራተኛው ነው።

ኮምፒውተሩ «የለም» ሲላችሁም ወዲያው አትመኑት። መዝጋቢው «ፀሐይ» ብሎ ያስገባውን እናንተ «ጸሃይ» ብላችሁ ከጻፋችሁ አያገኘውም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀን እያለዋወጣችሁ ሞክሩ። ያገራችንን ደራሲ በራሱ ስም ፈልጉት፤ ካጣችሁት በአባቱ ስም። ከዚያም ካልተገኘ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ባለሙያ ጠይቁ፤ ያልተመዘገበው የትኛው ቁምሳጥን እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት።