ለትንሽ ጭረት ኢንሹራንስ መጠየቅ ያዋጣል ወይ?

ወንድሜ፣ ከግቢ ሲወጡ የኋላ ፓራውልትዎ የበሩን ብረት ነክቶ እንደተጫረና ትንሽ ገባ እንዳለ ጠቅሰው፣ ለመድን ድርጅቱ ላመልክት ወይስ ከኪሴ ላሠራ ሲሉ ጠይቀዋል። እኔም በ2014 ዓ.ም. ይኸው ጥያቄ ገጥሞኝ ሒሳቡን ስለተሳሳትሁ፣ የሆነውን እንዳለ እነግርዎታለሁ።

የእኔ ጉዳት የፊት ፓራፋንጎ ነበር። ጋራዡ ለባትላሜራና ለቀለም 11,000 ብር ጠየቀኝ፤ በውሌ ላይ የሰፈረው ኤክሰስ፣ ማለትም በእያንዳንዱ አደጋ ከራሴ የምሸፍነው ድርሻ፣ 4,000 ብር ስለነበር 7,000 ብር አገኛለሁ ብዬ ቅጹን ሞላሁ። ገንዘቡ ተከፈለኝ፤ ነገር ግን ውሉን ሳድስ፣ ለዓመታት ካሳ ባለመጠየቄ አገኘው የነበረው የ25 በመቶ የዓረቦን (ለመድኑ በየዓመቱ የምከፍለው ገንዘብ) ቅናሽ ተነሣብኝ። ሙሉ ዓረቦኔ 36,000 ብር ስለነበር በዚያ ዓመት ብቻ 9,000 ብር ጨምሬ ከፈልሁ፤ ቅናሹ የሚመለሰው ደረጃ በደረጃ በመሆኑም በቀጣዩ ዓመት ገና አልተካሰልኝም። ለጋራዥ ፕሮፎርማና ጉዳቱን ለሚያየው የድርጅቱ ኢንስፔክተር የተመላለስሁባቸውን ቀናት አልቆጠርሁም።

ይህን ሰምተው ግን ወዲያው ከኪስዎ ለማሠራት አይወስኑ፤ ፓራውልቱ ሳይፈታ የሚነገር ዋጋ አያስተማምንምና። ከዓመት በኋላ የባለቤቴ መኪና ከኋላ ስትነካ፣ ከውጭ የሚታየው የአውራ ጣት ስፋት ያለው ጭረት ብቻ ነበር። ባለሙያው ግን በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ካዳመጠ በኋላ ብሎኖቹን ፈታ፤ ከሥር ያለው መያዣ ተሰንጥቆ የኋላው ላሜራም ገብቶ ተገኘ። 6,000 ብር የተባለው ሥራ 28,000 ብር ደረሰ፤ በዚህ ጊዜ መጠየቁ አዋጥቶናል። ሊጠየቅ የቻለውም በዕለቱ ፎቶግራፍ አንሥተን፣ በውሉ ላይ የተወሰነው የማሳወቂያ ጊዜ ሳያልፍ ስላመለከትን ነው።

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ደግሞ መኪናው በውሉ የተመዘገበበትን ዋጋ ነው። ዛሬ 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና ከዓመታት በፊት በተጻፈው 1 ሚሊዮን ብር ዋስትና እንደተገባለት ከቆየ፣ ድርጅቱ ለትንሹም ጉዳት በዚያው መጠን ቀንሶ ግማሹን ብቻ ሊከፍል ይችላል፤ ከዚያ ላይ ኤክሰሱ ሲነሣ የሚተርፈው ለመመላለሻው ታክሲም ላይበቃ ነው።

የሌላ ሰው ንብረት ወይም አካል የተነካ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የሚሸፍነው የእርስዎን ፓራውልት ሳይሆን የዚያን ሰው ጉዳት ስለሆነ፣ በትራፊክ ፖሊስ አስመዝግበው ለድርጅቱ እንዲያመለክቱ እልዎ ነበር። መንገድ ላይ 2,000 ብር ሰጥቶ መለያየት የሚያስከትለውን ከአንድ ባለባጃጅ ጋር የተነካካው ጎረቤቴ አይቶታል፤ በሳምንቱ ባለባጃጁ ወገቤን አሞኛል ብሎ መጣ፣ ጎረቤቴ ግን በእጁ የትራፊክ ማስረጃም ሆነ ለድርጅቱ ያስገባው ማመልከቻ አልነበረውም።

እንግዲህ ነገ ፓራውልቱን አስፈትተው ያሳዩ፤ ከውሉም ላይ ኤክሰሱን፣ የቅናሽዎን መጠንና የተመዘገበውን ዋጋ እዚሁ ይጻፉልን፣ አብረን እናሰላዋለን።