ስለ ማናዙሩ ለጠየቃችሁኝ

ማናዙሩ ከቶኪዮ ደቡብ ምዕራብ፣ በካናጋዋ ግዛት፣ ባሕሩ ውስጥ ዘልቃ የገባች ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ጥያቄያችሁ ስለበዛ እስኪ በተራ ልመልስ።

ከቶኪዮ እንዴት ይኬዳል?
ሺንካንሰን (እጅግ ፈጣኑ ባቡር) አያስፈልግም። ከቶኪዮ ጣቢያ ከማናዙሩ አለፍ ብላ ወዳለችው የመዝናኛ ከተማ፣ ወደ አታሚ፣ የሚሄደውን የቶካይዶ መስመር ተራ ባቡር ያዙ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ማናዙሩ ሳይደርስ ኦዳዋራ ጣቢያ ላይ የሚያበቃም ስላለ መድረሻውን አይታችሁ ግቡ። በግራ በኩል ተቀመጡ፤ ከኦዳዋራ በኋላ ባሕሩ በዚያ በኩል ነው።

አታሚ እያለች እዚህ ምን ልሠራ?
አታሚ ትልልቅ ሆቴል ነው። ማናዙሩ ግን እምቢ ያለች ከተማ ናት፣ እኔ የምወዳትም ለዚህ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ የጃፓን መሬት ዋጋ ጣሪያ ሲነካ፣ ገንቢዎች እዚህም ረጃጅም አፓርታማ ሊያቆሙ መጡ። ከተማዋ የውሃ ችግር ስላለባት መጀመሪያ ለትልልቅ ግንባታ ውሃ መስጠትን ገደበች፣ ከዚያ በፈረንጆቹ 1993 «የውበት መስፈርት» የሚባለውን ደንብ አወጣች። ውስጡ ያለው ቁመትና ስፋት ብቻ እንዳይመስላችሁ! ጸጥ ያለ የጓሮ መንገድ፣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ፣ ሰው የሚቀመጥበት ደረጃ ይላል። ከወደቡ ወደ ላይ በቤቶቹ መሀል በሚያልፉት ቀጫጭን መተላለፊያዎች ስትወጡ ይህንኑ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ የድንጋይ ካብ፣ የአበባ ማሰሮ፣ ከአጥር በላይ ያዘነበለ የመንደሪን ዛፍ።

አንድ ቦታ ብቻ ምረጥልኝ።
የልሳነ ምድሩ ጫፍ። በኤዶ ዘመን (በፈረንጆቹ ከ1603 እስከ 1868) የተተከሉ ጥዶች ያሉበት ደን አለ፣ ዓሣ አጥማጆቹም ደኑ ዓሣ ይስባል ብለው ሲጠብቁት ኖረዋል። ደኑን አልፋችሁ በደረጃው ስትወርዱ ሚትሱኢሺ የሚባሉትን ቋጥኞች ከፊታችሁ ታገኛላችሁ። ባሕሩ ሲጎድል በእግር መጠጋት ይቻላል፣ ግን ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ውሃው የሚመለስበትንም ሰዓት አስቀድማችሁ እወቁ።

ጾም ላይ ነኝ፣ ምን እበላለሁ?
ዓሣ የምትበላ ከሆነ ተመችቶሃል። የማትበላ ከሆነ ተጠንቀቅ፤ ሾርባውም የኑድሉ መረቅም አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚሠራው። ኡሜቦሺ (በጨው የተቀመጠ ኮምጣጣ ፍሬ) ያለበት ኦኒጊሪ፣ ማለትም የተጠቀለለ ሩዝ፣ ከጣቢያው አካባቢ ገዝተህ ያዝ።

መቼ ይሻላል?
ሐምሌ። በፈረንጆቹ ጁላይ 27 እና 28 የኪቡኔ በዓል ነው፣ ያጌጡ ጀልባዎች ወደቡን ያቋርጣሉ። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ቢሆንም ይቻላል።

እናቴን ይዤ ብሄድስ? ጉልበቷን ያማታል።
ውሰጃት። ከጣቢያው እስከ ጫፉ አውቶቡስ አለ፣ ከላይ ሆናም ባሕሩን ታያለች። ወደ ቋጥኞቹ የሚወርደውን ደረጃ ግን አታስወርጃት፣ መመለሻው ዳገት ነው።