ስለ ዝዋይና አብያታ ለጠየቃችሁኝ ወጣቶች

ልጆቼ፣

«ዝዋይና አብያታን ለማዳን ወጣቱን አሰባስበናል፤ ከምን እንጀምር?» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ጥያቄያችሁ ሐረማያን ቀሰቀሰብኝ። የሐረማያ ነገር በውሃ ሙያ ያለነውን እስከ ዛሬ ያንገበግበናል፤ ሐይቁ የደረቀው ሁሉም እያየው ነውና።

ሐረማያ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ ነበር። የዙሪያው ገበሬ ደግሞ ጫትና አትክልት ያጠጣበታል። ጫት በበጋ ዋጋው ስለሚወደድ የውሃ መሳቢያ ሞተር ያለው ሁሉ የሚስበው በበጋ ነው፤ በበጋ ደግሞ ወደ ሐይቁ የሚገባ ይህ ነው የሚባል ውሃ የለም። ከተራቆቱት ኮረብቶች በየክረምቱ የሚወርደው አፈር ወለሉን ሞላው፤ የቀረው ውሃ ስስ ሆኖ እንደ እህል ለፀሐይ ተሰጣ። ዳርቻው ሲሸሽ ገበሬው ቱቦውን እያስረዘመ ተከተለው። ቱቦ አልደርስ ሲል ወለሉ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ከሥር መሳብ ያዘ። ይህን ያደረገው ክፉ ሰው አይደለም። እያንዳንዱ «ጎረቤቴ ሳይጨርሰው ድርሻዬን ልውሰድ» ነው ያለው፤ በዚያ ሁኔታ እኔም እናንተም ይህንኑ እንል ነበር።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ሐይቁ ሜዳ ሆነ። ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ ቆላ ጉድጓዶች ሽቅብ እያስገፋች ለማምጣት ተገደደች። በከፍታ ላይ ያለች ከተማ ከቆላ ውሃ ስታስመጣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቧንቧው ይደርቃል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው ተመልሶ ታይቷል፤ ደስ ይላል፤ ግን ውሃው ሲመለስ ሞተሩም አብሮት ይመለሳል። እኔን የሚቆጨኝ የዝናቡ መጥፋት አይደለም፤ በዝናብ ላይ ማን ሥልጣን አለው? ሞተሮቹ ጥቂት ሳሉ ባለቤቶቹን አንድ ዛፍ ሥር ሰብስቦ ተራ ማስያዝ ይቻል ነበር። ከበዙ በኋላ ግን መጀመሪያ የሚያቆም ሰው አይገኝም።

ወደ እናንተ ልምጣ። መቂ ከጉራጌ ተራሮች፣ ካታር ከአርሲ ደጋ ወርደው ዝዋይ ይገባሉ። ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ በኩል አብያታ ይደርሳል። አብያታ መውጫ የለውም። ዝዋይ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሰፊ ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ 3 ሜትር አይሞላም፤ 1 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ የሚጎድለው 4.3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ከሁሉ በላይ የሚጠጣው ፀሐይ ነው፤ ገበሬውም ሆነ የአበባ እርሻው የሚስበው ፀሐይ ካስተረፈችው ላይ ነው። ቡልቡላ የሚፈሰው ደግሞ ከሐይቁ አፍ ከፍታ በላይ ያለው ውሃ ብቻ ስለሆነ፣ ዝዋይ ሙሉ መስሎ እየታየ ወንዙ ሊቆም ይችላል። ጉዳቱ የሚወጣው አብያታ ላይ ነው። አብያታ በዚህ ላይ ለሶዳ አሽ (ለብርጭቆና ለሳሙና መሥሪያ የሚውል ኬሚካል) ማምረቻ ውሃው እየተሳበ ወደ ማትነኛ ገንዳ ሲገባ ኖሯል። ጨዋማነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ፤ በጎረቤቱ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖችም ምግባቸውን ሌላ ቦታ ፍለጋ ሄዱ።

ስለዚህ አብያታ ዳር ሰልፍ ከመውጣታችሁ በፊት መቂና ካታር ላይ ውሃ ለኩ። የዛሬ ልጅ ድሮን ማስነሳት ይቀናዋል፤ የደረቀ ዳርቻ ምስል ያስለቅሳል እንጂ ማንንም ሞተር አያስጠፋም። ችግኝ መትከልም ተዳፋት ላይ እንጂ ወንዝ ዳር ባሕር ዛፍ ከሆነ ቢቀር ይሻላል። እምቦጭ የምትነቅሉ ከሆነ ያወጣችሁትን ዳር ላይ አትከምሩት፤ ክረምት መልሶ ይወስደዋል።

የወንዙን ፍሰት ለመለካት መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ቀጥ ያለ 10 ሜትር ቦታ ምረጡ፤ ስፋቱንና በአምስት ቦታ ጥልቀቱን ለኩ። ሎሚ ጣሉና ስንት ሴኮንድ እንደፈጀበት በስልክ ያዙ። ባዶ ጠርሙስ ነፋስ ስለሚገፋው አይሆንም። ወንዙ 4 ሜትር ስፋት፣ በአማካይ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረውና ሎሚው በ25 ሴኮንድ ቢደርስ፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 0.4 ሜትር ነው። ላይኛው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን በ0.85፣ ከዚያም በስፋቱና በጥልቀቱ አባዙት። ውጤቱ በሴኮንድ 680 ሊትር ይሆናል። ባለ 3 ኢንች ሞተር በሴኮንድ 10 ሊትር ያህል ይስባል። 60 ሞተር በአንድ ጠዋት ቢነሳ ለሐይቁ የሚተርፈው 80 ሊትር ብቻ ነው፤ ግማሹ ዛሬ፣ ግማሹ ነገ ቢሆን 380 ይተርፋል። ሽንኩርትም ሆነ ቲማቲም በየቀኑ መጠጣት አያስፈልገውም፤ ይህንን ከእናንተ በላይ ገበሬው ያውቀዋል። ስብሰባው ላይ ሒሳቡን እሱ ይሥራው።

ተራ የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ መሬት ተከራይቶ ለአንድ በጋ የሚያለማው ነው። የሚቀጥለው ዓመት አያሳስበውም። ስለዚህ ከተከራዩ ይልቅ ባለመሬቱን አስፈርሙ፤ ተራው በኪራይ ውሉ ውስጥ ይግባ። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር በአዋጅ ቁጥር 841/2006 ይቋቋማል፤ የራሳችሁን ድርጅት ለማስመዝገብ ከምትሯሯጡ ያለውን ማኅበር አጠናክሩ።

ሐይቁ ላይ በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ መለኪያ ትከሉ። ሁልጊዜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይነበብ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ውሃውን ወደ አንድ ዳር ስለሚገፋው ንባቡ ይዋሻል። ዜሮውን ከማይነቃነቅ ድንጋይ ወይም ከድልድይ ጋር አመሳክሩት። መለኪያው ጭቃ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሰምጥ ሐይቁ የሞላ ይመስላችኋል። ፎቶም በየወሩ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ አንሱ፤ ቅድም ምስልን ነቅፌ ነበር፣ ቀንና ንባብ የተጻፈበት ግን ማስረጃ ነው።

ስምምነት ያልገዛው ትልቅ ሳቢ ወይም ቆሻሻ ለቃቂ ካለ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11ን ተመልከቱ። አቤቱታ ለማቅረብ በግል መጎዳታችሁን ማሳየት አይጠበቅባችሁም። አቤቱታው የቀረበለት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። አቤቱታውን ለኃላፊው በእጅ ሰጥታችሁ አትመለሱ፤ መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ኮፒው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስደርጉ። ያለዚያ 30 ቀኑ መቼ እንደጀመረ የምታስረዱበት ወረቀት አይኖራችሁም።