የበጉ ትል ከአንጎል አይመጣም
የአንባቢያን ጥያቄዎችና የእንስሳት ሐኪሙ መልሶች

ጥያቄ፦ ያረድነውን በግ ጭንቅላት ስንፈልጥ ከግንባሩ አጥንት ሥር የጣት አንጓ የሚያህሉ ወፋፍራም ትሎች አገኘን። በጉ ለወራት ሲያስነጥስና ንፍጡ ሲዝረበረብ ከርሟል። ቤተሰቡ «አንጎሉ ተልቷል» ብሎ ሥጋውን ሊጥለው ነበር። ትሎቹ በእርግጥ ከአንጎል የመጡ ናቸው? ሥጋውስ ይበላል? በጎቹን የሚጠብቀው ልጃችን ይያዝ ይሆን?

መልስ፦ ትሎቹ የገቡት ከውጭ ነው። እናታቸው በሳይንሳዊ ስሟ ኤስትረስ ኦቪስ የምትባለው የበግ አፍንጫ ዝንብ ናት። ይህች ዝንብ እንደ ብዙዎቹ ዝንቦች እንቁላል አትጥልም፤ እንቁላሎቿ በሆዷ ውስጥ ይፈለፈሉና እየበረረች ሳለ፣ በጉ ላይ እንኳ ሳታርፍ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆኑ ሕያዋን ትሎችን ከጥቂት ፈሳሽ ጋር በአፍንጫው ቀዳዳ ላይ ትረጫለች። ለአካለ መጠን የደረሰችው ዝንብ የምትመገብበት አፍ ስለሌላት ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ሆኖም በዚያች አጭር ዕድሜ እስከ 500 የሚደርሱ ትሎችን ልትረጭ ትችላለች። በጎች በሞቃት ቀን ግጦሹን ትተው ተጠጋግተው ሲቆሙ፣ አፍንጫቸውንም መሬት ላይ ሲደፉ ወይም በአጠገባቸው ባለው በግ ጸጉር ውስጥ ሲቀብሩ ያየ ሰው ሙቀቱን የሸሹ ይመስለው ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚሸሹት ይህችኑ ዝንብ ነው።

ትሎቹ በአፋቸው መንጠቆና በሰውነታቸው እሾህ የአፍንጫውን ስስ ሽፋን እየቧጠጡ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ንፍጡም፣ ማስነጠሱም፣ አንዳንዴ የሚታየው ደምም ከዚህ የሚመጣ ነው። በግንባር አጥንት ውስጥ ባሉት ባዶ ክፍተቶች ገብተው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያድጋሉ። እንደ ወቅቱ ሁኔታ ከጥቂት ሳምንታት አንሥቶ እስከ 9 ወር ድረስ በዚያ ከቆዩ በኋላ በጉ አስነጥሶ ያወጣቸዋል፤ ከዚያም አፈር ውስጥ ገብተው፣ ጠንካራ ልባስ ለብሰው፣ ዝንብ ሆነው ይወጣሉ። እናንተ ያገኛችኋቸው በአጥንቱ ክፍተት ውስጥ ነው፤ ያ ክፍተት ከአንጎል የሚለየው በስስ አጥንት ብቻ ስለሆነ ስሕተቱ አያስገርምም። አጥንቱን በስተው ወደ አንጎል የሚዘልቁት ከስንት አንዴ ነው። የታመመው በግ አንገቱን አዙሮ ሲንገዳገድ «አዙሪት» የያዘው ቢመስልም፣ እውነተኛው አዙሪት ከውሻ ኮሶ ትል የሚመጣ ሌላ በሽታ ነውና ሁለቱን እንዲለይ ሐኪም ማየት አለበት።

ሥጋውን በተመለከተ፣ ትሎቹ ወደ ጡንቻ ስለማይገቡ፣ በጉ ሌላ ሕመም ከሌለበትና ምርመራውን ካለፈ፣ ትል የተገኘበትን የራስ ክፍል አስወግዶ ቀሪውን በሚገባ አብስሎ መብላት ይቻላል። የቀሩትን በጎች በአይቨርሜክቲን ወይም በክሎሳንቴል ማከም ይቻላል፤ መድኃኒት የተሰጠው በግ ግን በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው፣ ከእርድ በፊት የሚጠበቀው የመቆያ ጊዜ ሳያልፍ ሊታረድ አይገባም።

እረኛ ልጃችሁም ሊያዝ ይችላል። ዝንቧ በሰው ላይ ትሎቿን ስትረጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው ዓይን ነው፤ አንድ ነገር ዓይኑን መታ ያደርገውና ወዲያው ይቆረቁረዋል፣ ያስለቅሰዋል፣ ይቀላል። በአፍንጫ ወይም በጉሮሮ ሲሆን ያሳክካል፣ ያስነጥሳል፣ ያስላል። በሰው ውስጥ ትሎቹ እንደ በጉ አድገው መጠናቀቅ ስለማይችሉ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ዓይኑ ከተነካ ግን ቀናት እየቆጠሩ መጠበቅ አይገባም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂድ። ትሎቹ በመንጠቆ ስለሚጣበቁ በውኃ ማጠብ ብቻውን አይበቃም፤ ሐኪሙ በማደንዘዣ ጠብታ አደንዝዞ አንድ በአንድ በመቆንጠጫ ያወጣቸዋል።

ጥያቄ፦ ግመልና ፈረስስ ይህ ይገጥማቸዋል?

መልስ፦ አዎን፣ ግን በሌሎች ዝንቦች ነው። የግመሉ ዝንብ ሴፋሎፒና ቲቲሌተር ትባላለች፤ ትሎቿም ከአፍንጫው አልፈው የጉሮሮው መግቢያ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ። ፈረስንና አህያን የሚያጠቁት ደግሞ ራይኖኤስትረስ የሚባሉት ናቸው።

ጥያቄ፦ የስኳር ሕመምተኛ የሆኑት እናቴ አፍንጫቸው ለዓመታት ይደርቅና ይሸት ነበር። በቅርቡ ነሰራቸው፣ ፊታቸውም አበጠ፤ ሐኪሙ ከአፍንጫቸው ብዙ ትል አወጣ። ጎረቤት እንዳይሰማ ደብቀን ነው የቆየነው። የንጽሕና ጉድለት ነው? ወደ ሌላ ሰውስ ይተላለፋል?

መልስ፦ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እናትዎም ሆኑ እርስዎ የሚያፍሩበት ነገር የለም። የአፍንጫ ውስጠኛ ሽፋን ሲሳሳ ቅርፊት ይጋገርበታል፤ የሚሰማውም ስሜት ይደክማል። ሽታው ዝንብን ይጠራል፤ ታማሚው ግን ብዙ ጊዜ ሽታውንም ዝንቡንም አያውቅም። የስኳር ሕመም ደግሞ የቁስልን መዳን ያዘገያል።

የሰው አፍንጫን አጥብቀው የሚጎዱት ሕያው ሥጋ የሚበሉት ትሎች ናቸው፤ በአፍሪካና በእስያ ክሪሶማያ ቤዚያና፣ በአሜሪካ አህጉር ደግሞ ኮክሊዮማያ ሆሚኒቮራክስ ይገኛሉ። የኋለኛዋን ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል ሐኪም ሻርል ኮክሬል በ1858 የገለጻት በደቡብ አሜሪካ በምትገኘው በካየን ከታሰረ እስረኛ አፍንጫ ከወጡ ትሎች ተነሥቶ ነው፤ የስሟም ትርጉም «ሰው በላ» ማለት ነው። እነዚህ ዝንቦች በቁስል ዳር መቶና ከመቶ በላይ እንቁላል በአንድ ጊዜ ይጥላሉ፤ እንቁላሉ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፣ ትሉም ለሳምንት ያህል ሥጋ እየበላ ወደ ውስጥ ይጠልቃል። ላንቃን ሊበሳ፣ ወደ ዓይን ሊዘልቅ፣ ማጅራት ገትርም ሊያስከትል ስለሚችል፣ እንደ በጉ ትል «በጥቂት ቀን ይለቃል» ተብሎ አይጠበቅም። መደበቁ ያስጨነቀኝም ለዚህ ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ቀን እንኳ ብዙ ነው።

ሕክምናው ትሎቹን በመሣሪያ እያዩ በሙሉ ማውጣት ሲሆን፣ ሐኪሙ እንደ አስፈላጊነቱ አይቨርሜክቲንና ፀረ ባክቴሪያ ይጨምራል። አንድ ጊዜ ወጥተው በማግሥቱ ሌሎች ስለሚገኙ በተከታታይ ቀናት መመለስ ግድ ነው። ቤት ውስጥ ጋዝ ወይም ትምባሆ አፍንጫ ውስጥ መጨመር ግን ሽፋኑን ያቃጥላል፣ ትሎቹንም ወደ ውስጥ ሊያሸሻቸው ይችላል። ከዳኑ በኋላ አፍንጫቸው ሐኪሙ ባዘዘው የጨው ውኃ በየቀኑ ይታጠብ፣ ስኳራቸውም ይስተካከል። ዝንቦቹ የሚንቀሳቀሱት በቀን ስለሆነ፣ ቀን ሲተኙ አጎበር ይዘርጉላቸው።