የአያት ስም ጠይቁ

ባለፈው አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ «ጋሼ፣ ድረ ገጻችን ላይ የወጣ ስህተት ዝም ብለን ብናስተካክለው ምን ችግር አለው? ማንም ልብ አይለውም እኮ» አለችኝ። ወዲያው መልስ መስጠት አቃተኝ። አንድ መምህር ትዝ አሉኝ።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን (ሳንሱርን) አስቀርቶ የግል ጋዜጣ የፈላበት ዘመን ነው። አራት ኪሎና ፒያሳ በአዟሪ ተጥለቅልቀው ነበር። እኔ ያኔ አራሚ ነኝ። የእኔ እኩዮች መሆን የሚፈልጉት በዓሉ ግርማን ነበር፤ አዲስ ዘመንን በዋና አዘጋጅነት የመራ፣ ልብ ወለድም የጻፈ ሰው። አራሚ ልሁን ብሎ የተመኘ አላውቅም።

አንድ ቀን በማጭበርበር የተፈረደበት ሰው ዜና መጣ። ሪፖርተሩ ስሙን እስከ አያቱ ጽፎታል። ገጽ ሲቀናበር ቦታ ጠበበና የአያቱ ስም ተቆረጠ። ማንም አልደነገጠም፤ በቤቱ ልማድ ሁለት ስም ይበቃል።

ጋዜጣው እንደወጣ መምህሩ ቢሮ መጡ። የራሳቸውም የአባታቸውም ስም ከተፈረደበት ሰው ጋር አንድ ነው። መታወቂያቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አልጮኹም። «እኔ አይደለሁም እያልኩ ስንቱን ላስረዳ?» አሉ።

እርማት አወጣን። ዜናው የፊት ገጽ ላይ ነበር፣ እርማቱ ግን በሳምንቱ ገጽ 2 ላይ፣ ከማስታወቂያ ስር። ከፍ ይበል ብዬ ተከራከርኩ ለማለት ይከብደኛል፤ አንዴ አነሳሁት፣ «ጋዜጣውን በገዛ እጃችን እናዋርደው?» ተባልኩ፣ ተውኩት።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ጋዜጣ አይገዛም፣ ተከራይቶ ነው የሚያነበው። አዟሪው አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያገላብጥና ይመልሳል። ሥራ ፈላጊው ደግሞ ማስታወቂያውን ብቻ አይቶ ይሄዳል። ዜናውን ያነበበው ሰው በሳምንቱ ያንኑ ጋዜጣ ይከራያል ያለው ማነው?

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ያረጀ ጋዜጣ በኪሎ ተሽጦ ሱቅ ይገባል። ከወራት በኋላ መምህሩ ተመልሰው መጡ። አንድ ተማሪ ለውዝ የገዛበት መጠቅለያ ያ ገጽ ሆኖ ተገኝቶ፣ ክፍል ውስጥ ሲቀባበሉት ደርሰውባቸዋል። ሁለተኛ እርማት አልጠየቁም። ሌላ ትምህርት ቤት ሊዛወሩ ስለሆነ ለርእሰ መምህሩ የሚያሳዩት ማኅተም ያለው ደብዳቤ ብቻ ፈለጉ። ጻፍንላቸው። አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና አመስግነውን ሄዱ። ማመስገናቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እናንተ ወጣት ጋዜጠኞች፣ ስለ ሚዛናዊነትና ምንጭ ስለማመሳከር አልሰብካችሁም፤ ተምራችሁታል። ችኮላችሁ ግን ያበሽቀኛል። ሰው ተያዘ ሲባል ከፌስቡክ ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ምን የሚሉት ሥራ ነው? ፎቶውም እንደ ስም ነው፣ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ደግሞ ልዋሽ አልችልም፣ እኛም ተፎካካሪያችንን ለመቅደም እንሞት ነበር። ቴሌግራም በእጃችን ቢኖር ከእናንተ የባስን እንሆን ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። ደግሞም አንባቢ ሲቆጣ በደቂቃ መልስ ትሰጣላችሁ፤ እኛ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ እናሳድረው ነበር።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። ዝም ብለሽ ብታስተካክዪው የአንቺ ገጽ ይጸዳል፣ ስክሪንሾቱ ግን ሰው ስልክ ውስጥ ይዞራል። የተበደለው ሰው «ይኸው አርመውታል» ብሎ የሚያሳየው ነገር ያስፈልገዋል። ስለዚህ እርማቱን እዚያው ዜናው ራስ ላይ አስቀምጪው። ምን ተሳስቶ እንደነበር፣ መቼ እንደታረመ ይጻፍ። ቴሌግራም ላይም ከለጠፋችሁት እዚያም ይውጣ። በ2013 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው የ2000 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ መልስ የመስጠት መብትን ደንግጎ ነበር፤ ሰውየው ሕግ ጠቅሶ እስኪመጣ ግን አትጠብቁ፣ ራሳችሁ ደውሉለት። አለቃችሁ እርማቱ ይነስ ካለ ደግሞ እንደኔ አንዴ አንስታችሁ አትተዉት።