መልስ፦ በቴስት ክሪኬት «ታይ» እና «ድሮው» አንድ አይደሉም

ወዳጄ፣ «ሁለቱም አቻ ማለት አይደሉም ወይ?» ላልከው፣ አይደሉም። ቴስት እስከ አምስት ቀን የሚቆይ የክሪኬት ጨዋታ ነው። ድሮው የሚባለው አምስቱ ቀን አልቆ ጨዋታው ሳይቋጭ ሲቀር ነው። የተለመደ ነገር ነው። ታይ ግን የሁለቱ ቡድኖች ድምር ነጥብ እኩል ሆኖ፣ መጨረሻ ኳስ የመምታት ተራ ያለው ቡድን መቺዎች በሙሉ ሲወጡ (ተራቸውን ሲያጡ) ነው። በወንዶች ቴስት ሁለቴ ብቻ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ብሪዝበን፣ በ1986 ማድራስ።

የብሪዝበኑ እስካሁን ልቤን ይሰቅለዋል። አውስትራሊያ ዌስት ኢንዲስን ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቷታል። የአውስትራሊያ የመጨረሻዋ የመቺዎች ጥንድ ነጥቧን ለማግኘት ለመሮጥ ተነሳች። የዌስት ኢንዲሱ ጆ ሰለሞን ኳሷን ከጎን በኩል አነሳ። ሯጩ ሳይደርስ በኳስ ከተመቱ እሱን የሚያስወጡት የዊኬት እንጨቶች አሉ፤ ከዚያ የምትታየው አንዲት እንጨት ብቻ ነበረች። ወረወረ፣ መታት! ከሚሮጡት አንዱ ሜኪፍ ሳይደርስ ወጣ። 737 ለ737።