ስለ ኩዌርሴቲን ጠይቁኝ፦ ከሽንኩርቱ እስከ ኪኒኑ

ኩዌርሴቲን በቀይ ሽንኩርት፣ በአፕል፣ በሻይ ቅጠልና በሌሎችም ተክሎች ውስጥ ያለ ፍላቮኖይድ (ተክሎች ራሳቸው ከሚሠሯቸው የተፈጥሮ ውህዶች አንዱ) ነው። ኪኒኑ ከውጭ በየሻንጣው እየመጣ ስለሆነ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ልመልስ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ ለእናታችን ባለ 500 ሚሊግራም ኩዌርሴቲን ላከችላት። እማዬ ደም ግፊት አለባት። የሐኪሙን መድኃኒት ትታ ይህን ብትውጥስ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ግፊት ላይ ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም። አሜሪካ ዩታ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት፣ ግፊት ያለባቸው ሰዎች በቀን 730 ሚሊግራም ለ28 ቀን ወስደው የላይኛው ቁጥር በ7 ያህል ወርዶላቸዋል። ግፊታቸው ከፍ ማለት የጀመረ፣ ግን ገና በሽታ ያልተባለ ሰዎች ምንም ለውጥ አላዩም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የተለያዩ ሙከራዎች አንድ ላይ ሲገመገሙ ቅናሹ 3 ገደማ ሆነ። እስቲ አስበው፣ የእናትህ ግፊት 160 ቢሆን 157 ይሆናል ማለት ነው። በ157 ማን እፎይ ይላል? መድኃኒቷን ትቀጥል። ኪኒኑን መጨመር ከፈለገች ጠርሙሱን ይዛ ሐኪሟን ታማክር።

ጥያቄ፦ አያቴ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ኩዌርሴቲን ቢጨምሩበት ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። የደም ማቅጠኛውን ኃይል ሊጨምርና ሊያደማቸው ይችላል። ኩላሊት ተተክሎላቸው ሰውነታቸው እንዳይገፋው ሳይክሎስፖሪን የተባለውን መድኃኒት የሚወስዱም ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይንኩት።

ጥያቄ፦ ሽንኩርቱ ሲቁላላ ጥቅሙ አይጠፋም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድኩት። ካላረረ ብዙው ይተርፋል። ሽንኩርት ሲቀቀል ኩዌርሴቲኑ ወደ ውኃው ይወጣል፤ እኛ ደግሞ የወጥ ውኃ አንደፋም። የሚባክነው ስንልጥ ነው። ብዙው ያለው በውጭው ሽፋን ላይ ስለሆነ፣ ደረቁን ልጣጭ ብቻ ገፍፋችሁ ከሥሩ ያለውን ወፍራም ቀይ ሽፋን አትጣሉት። ነጩ የሽንኩርት ዓይነት ግን እዚህ ግባ የሚባል የለውም። በዚያ ላይ የሽንኩርቱ ኩዌርሴቲን ከግሉኮስ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አንጀት ከሻይው ይልቅ በደንብ ይቀበለዋል። መጠኑ ግን በ100 ግራም ቀይ ሽንኩርት ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ የኪኒኑን ያህል በወጥ እናገኛለን ብላችሁ አትድከሙ።

ጥያቄ፦ ካንሰር ያድናል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ላቦራቶሪ ውስጥ የካንሰር ሴሎችን እድገት ሲገታ ታይቷል። ሰውን ማዳኑ ግን አልተረጋገጠም። ሕክምና ላይ ያለ ሰው በዚህ ወሬ ቀጠሮውን እንዳይሰርዝ አደራ።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ደም ማነስም አለብኝ። ኪኒኑን ልውሰድ ወይስ ሻይ ይበቃኛል?

መልስ፦ ኪኒኑ ይቅርብሽ እህቴ፤ በእርግዝና ጊዜ ደህንነቱ በበቂ ሁኔታ አልተጠናም። ሻዩንም ከምግብ ጋር አትጠጪው፣ ብረቱ ወደ ደምሽ እንዳይገባ ይይዝብሻል። ከበላሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁን። ሽንኩርቱን ግን እንደ ልብሽ ብዪ።